ዘንዶ የሚጋለብበት አገር በአማርኛ ግጥም ይጻፋል? (ምክርና ትችት እፈልጋለሁ)

ብዕረኛው ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ረጅም ተራኪ ግጥም ጀምሬ መሀል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ታሪኩ የሚካሄደው በካርታ ላይ በሌለ አገር ነው። አምስት ጨረቃ ይወጣበታል፣ ዘንዶ እንደ በቅሎ ይጫንበታል፣ ንጉሡ ዘውዱን ተነጥቆ ሊያስመልስ ይጓዛል። እንዲህ ያለውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጠግቤ አንብቤያለሁ። በአማርኛ፣ ያውም በግጥም ልጽፈው ስቀመጥ ግን ምን ላይ እንደምደገፍ ጠፋኝ። የመጀመሪያው አንጓ ይኸውና፦

የኤልቫሩ ንጉሥ ዜልዳሮን ኃያሉ፣
አምስት ጨረቃዎች በላዩ እየዋሉ፣
ብር መሳዩን ዘንዶ ጭኖት እንደ በቅሎ፣
ከጥቁሩ ጫካ የጠፋውን ዘውዱን ሊያስመልስ ወጣ በሰይፉ ላይ ምሎ።

ለጓደኞቼ ሳነበው በየስንኙ ያስቆሙኛል። ኤልቫር የት ነው? ጨረቃው ለምን አምስት ሆነ? ዘንዶው ክፉ ነው ደግ? መልሱን በግጥሙ ውስጥ ላስገባ ስሞክር ግጥሙ የታሪክ መማሪያ ይሆንብኛል። ሌላው ጥያቄዬ ስለ ምጣኔው ነው። ለረጅም ትረካ የትኛው ቤት (የምት ዓይነት) ይሻላል? ሳትሳሱልኝ ተቹኝ።

ስንኝ ቆጣሪ

ከምጣኔው ልጀምር፤ በእሱ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ይቻላልና። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስንኞችህ ወል ቤት ናቸው፣ በየግማሽ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (ቀለም የምንለው አንዱን የንባብ ድምፅ ክፍል ነው)። «የኤልቫሩ ንጉሥ» ስድስት፣ «ዜልዳሮን ኃያሉ» ስድስት። ሁለተኛው ላይ «በላዩ እየዋሉ» ሲነበብ አንዱ ቀለም ስለሚዋጥ ከልኩ አያልፍም። አራተኛው ስንኝ ግን ሃያ አራት ቀለም ነው! ሁለት ሙሉ የወል ቤት ስንኞች በአንድ መስመር ተጨናንቀዋል። እንዲህ የሆነው ታሪኩ ስለቸኮለብህ ይመስለኛል። ጫካውን፣ ዘውዱን፣ ጉዞውን፣ መሐላውን በአንድ ትንፋሽ ልትጨርስ ፈለግህ።

የቤቱ ምርጫ የፈለግኸው ፍጥነት ይወስነዋል። ወል ቤት ለትረካም ለኀዘንም ይመቻል፣ ቢረዝም አያደክምም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ቆረጥ ቆረጥ ስለሚል ጉዞና ሽኩቻ ይወዳል። ቡሄ በሉ አራት አራት ነው፤ ጨዋታ ይሆንልሃል እንጂ መቶ ስንኝ አይሸከምም። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ቤት ስምንት ስምንት ነው። ሰፊ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ሐረግ የሚሞላ ሐሳብ ከሌለህ ቃል ማባከኛ ይሆናል። አንተ ሰንጎ መገንን ብትሞክር እላለሁ። ማብራሪያ የሚጨምር ሰው ጠባብ ቤት ያስፈልገዋል።

እውነቱን ልናገር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የቤት ኪራይ፣ ስደት፣ የኑሮ ውድነት ገጣሚ እየጠበቁ ባሉበት አገር አምስት ጨረቃ መቁጠር ቅንጦት ነው። ደግሞ «ዜልዳሮን» የሚባል ንጉሥ የሰማ አያት አለን? የሰው ህልም ተውሶ መተኛት ይባላል።

ባለ ክራር

@እውነቱን ልናገር፣ በስሙ እስማማለሁ፣ በቀረው አልስማማም። እኛ ቤት «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ተቀብለን ነው ያደግነው። ከዚያ በኋላ ጭራቅ ቢመጣ፣ ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ ቢሰየም «ይህ የኑሮ ውድነትን አይዳስስም» ብሎ የተነሣ ልጅ አላየሁም። በዚያ ላይ ቀረጥ የሚያስከፍል ዘንዶ ከኑሮ ውድነት ምን ያህል ይርቃል? ከአክሱም ነገሥታት በፊት ነግሦ ነበር የሚባለው ዘንዶ፣ አርዌ፣ እኮ ሕዝቡን ከብትና ልጃገረድ ያስገብር ነበር። አጋቦስ የገደለውም በሰይፍ አይደለም፣ መርዝ ባበላት ፍየል ነው። ይህን ትረካ የፈጠረ ሰው ስለ ግብር የሚናገረው ነበረው።

የዜማ ቤት ልጅ

ውይይቱ ወዴት እንደሚያመራ ስለገባኝ አንድ ነገር በጊዜ ላስቀምጥ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መጽሐፈ ሄኖክን፣ ክብረ ነገሥትን፣ የቅዱሳንን ገድል እየጠቀሰ «ይኸው፣ እኛም ምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ነበረን» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ቅር የሚሰኘው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ተስበው ደብረ ዳሞ መውጣታቸውን ጥቅምት 14 የሚዘክር ምእመን ጀብዱ እያነበበ አይደለም። ያምናል። የሚታመንን ነገር አንሥቶ ለንጉሥ ዜልዳሮን መጋለቢያ ማድረግ ለአማኙ ድፍረት ነው፤ ለግጥሙም አይጠቅምም። አንባቢው ወዲያው ከተረቱ ወጥቶ ክርክር ውስጥ ይገባልና።

ነገር ግን አጻጻፉን መማር ማንም አይከለክልም። መጽሐፈ ሄኖክን፣ ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልንን፣ እንደ ገጣሚ ከፍተህ እይ። ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ። ጸሐፊው ስለ ክንፋቸው መጠን ወይም ስለ ልብሳቸው ቀለም ሲያትት አታገኘውም። መጀመሪያ ያማማላቸዋል፣ ቀጥሎ አለቆቻቸውን በስም በስም ይጠራል። ብሔሞት የሚባለውን ግዙፍ አውሬ ሲያነሣም ዴንዳይን በሚባል በረሃ እንደሚኖር ተናግሮ ያልፋል። ዴንዳይን ምን ዓይነት በረሃ ነው? አይነግርህም። ስሙን ሲጠራው ግን የሚያውቀው አገር አስመስሎ ነው የሚጠራው፣ አንተም ታምነዋለህ። ጓደኞችህ «ኤልቫር የት ነው?» ያሉህ አንተ ራስህ ኤልቫርን እንደ እንግዳ ስላስተዋወቅኸው ነው።

ወለተ ሐመልማል

የኔታ በጣም ጥሩ ብለዋል (ማዕረግ ጨመርኩ መሰለኝ፣ ይቀበሉኝ)።

እኔ ደግሞ የምጨምረው ዝርዝርን ነው። በአማርኛ ከተጻፉ ግጥሞች ሁሉ የቀደሙት፣ ከዐምደ ጽዮን ዘመን፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተዘመሩት ናቸው። ለንጉሥ ይስሐቅ የተዘመረው የገባሪ አገሮችን ስም እየጠራ ይሄዳል። ያን ሲሰማ የዋለ ወታደር ግማሹን አገር አይቶት አያውቅም። ግን ስሞቹ ሲደረደሩ መንግሥቱ ከፊቱ ይሰፋል። ካርታ ሥሎ ከግጥሙ ፊት ከመለጠፍ ይልቅ «ይህ ማር ያመጣል፣ ያ ፈረስ ያመጣል፣ እዚያ ማዶ ያለው እምቢ ብሏል» የሚል አምስት ስንኝ ጻፍ። አንባቢው ካርታውን ራሱ ይሥላል። እምቢ ያለውን አገር ደግሞ አይረሳውም።

አንባቢ በአምስት ኪሎ

ደሴ ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ትንሽ ዞር ያለ ነው።

የእንግሊዝኛ ገጣሚዎች ከእውነተኛው ዓለም የራቀ አገር ሲያምራቸው ወደ የት ያዩ እንደነበር ታውቃለህ? ወደ አንተ ሰፈር። ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ ከኤደን ጋር የሚፎካከሩ ሐሰተኛ ገነቶችን ሲዘረዝር፣ የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «አማራ» የሚባል ተራራ ይጠራል። ይህ ወሬ የመነጨው ከአምባ ግሸን ነው። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነገሥታቱ ልጆች ስለሚታሰሩበት ተራራ ጽፎ በ1540 ታተመለት፤ ከዚያ ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እያበጠ ሄደ። ከሚልተን በኋላ ኮልሪጅ መጣ። በ1816 በታተመው «ኩብላ ካን» ላይ አንዲት የአቢሲኒያ ልጃገረድ ባለ አውታር መሣሪያ እየመታች ስለ «አቦራ» ተራራ ትዘፍናለች። በአንድ የእጅ ጽሑፉ ላይ ግን የተራራው ስም «አማራ» ነው የሚለው።

ይህን የማነሣው ለኩራት ብዬ አይደለም (ትንሽ ኩራት ቢኖርበትም)። ግሸን ለእነሱ የዓለም ጫፍ ነበረች። ለአንተ ግን መስከረም 21 ጎረቤት ስንቅ ቋጥሮ የሚሄድባት ቦታ ናት። እነሱን ያስደመመ ስም አንተን አያስደምምህም። ስለዚህ ርቀትን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብህ፣ «ኤልቫር» ደግሞ አያመጣልህም። ከአቦራ ስም ጀርባ የመቶዎች ዓመታት ወሬ ተከምሮ ነበር። ከኤልቫር ጀርባ ያለው የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው።

ጸሐፊ በሌሊት

በስሞች ጉዳይ ሁላችሁም በአንድ ወገን ስለተሰለፋችሁ ብቻዬን ልቃወም። ሁሉም ነገር «ደብረ» እና «ማየ» ሲባል ግጥሙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። እንግዳ አገር እንግዳ ድምፅ ይኑረው! እኔ ዜልዳሮንን ወድጄዋለሁ። ሳነበው ምላሴ ያላለፈበት መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ያ ደስ ይለኛል። ችግሩ ከኤልቫርና ከዜልዳሮን ሌላ የዚያን አገር ድምፅ አለመስማታችን ነው። የበቅሎው ስም፣ የወንዙ ስም፣ የስድባቸው ቃል ሳይቀር ከአንድ አፍ የወጣ መምሰል አለበት። ያን ካደረገ ከየትም ያምጣው።

ባለ ክራር

@ጸሐፊ በሌሊት፣ ለስድብ ቃሉ ድምፅ ሰጥቻለሁ።

ብዕረኛው፣ እኔ የምመክርህ የንጉሡን ታሪክ ለጊዜው እንድትተወው ነው። እንግሊዛዊው የምናባዊ ልብ ወለድ ደራሲ ቶልኪን ራሱ የገጸ ባሕርያቱን የቤረንንና የሉቲየንን ፍቅር በስምንት ቀለም ስንኝ መጻፍ ጀምሮ፣ ከአራት ሺህ ስንኝ በላይ ሄዶ በ1931 እ.ኤ.አ. ሳይጨርሰው ተወው። በኋላ ዝናን ባተረፈለት የስድ ንባብ ልብ ወለዱ ውስጥ ግን ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፤ ሰዎቹ ሲጓዙ፣ ሲጠጡ፣ ሲያለቅሱ የሚዘፍኗቸው። ከዚህ የምወስደው፣ ስለዚያ አገር ከመግጠም የዚያ አገር ሰዎች የሚገጥሙትን መግጠም እንደሚቀል ነው።

ለዚህ ደግሞ አማርኛ ሁሉንም አዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ሙሾ አለ፣ እሹሩሩ አለ፣ ቀረርቶና ፉከራ አለ፣ የሠርግ ዘፈን አለ። አልቃሽ በለቅሶ ቤት ሟቹ ማን እንደሆነ አታብራራም፤ የመጣው ሁሉ ያውቀዋል። ያላወቀው እንግዳ ከግጥሟ ይረዳል። አንባቢህ ያ እንግዳ ይሁን። እስቲ ለሞተ ዘንዶ ሙሾ ላውርድ፣ በወል ቤት፦

እሳት የሚተፋው ጋሻዬ ቢተኛ፣
ምድጃው በረደ፣ በብርድ ልናልቅ እኛ፤
ክንፉ ጥላ ነበር ለከብቱ ለእረኛ፣
ፀሐይ ገፈፈችን እንደ ሌት ቀማኛ።

ዘንዶው ደግ ነው ክፉ የሚል ጥያቄ ተነሣባችሁ?

እናት በቨርጂኒያ

አስተያየት ለመስጠት አልነበረም የመጣሁት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በእንግሊዝኛ የዘንዶ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም፣ የአማርኛ ግጥም ሳነብላት ግን ታዛጋለች። የባለ ክራርን ሙሾ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ለምን ሞተ?» አለችኝ፤ ቀጥላም «ምድጃውን ይለኩስላቸው ነበር ማለት ነው?» አለች። ማንም ያልነገራትን ነገር ራሷ ደረሰችበት። ቀጣዩን ጻፉልን።

እውነቱን ልናገር

ሙሾው ጥሩ ነው። አልክድም። አሁንም ግን እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው ለዘንዶ ሲያለቅስ ማየት ይቆጨኛል።

ወለተ ሐመልማል

@እውነቱን ልናገር፣ በብርድ ስለሚያልቁት ሰዎች ነው እኮ ያለቀሰው።

አንድ ሌላ መሣሪያ ደግሞ አለ፣ ማንም አላነሣውም፦ እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» ተባብለን መልሱ ሲጠፋ ምን እንላለን? «አገር ስጠኝ» እንላለን! የተሸነፈው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፣ አሸናፊው አገሩን ይጠቀልላል። ለምናባዊ ግጥም ከዚህ የተሻለ ጦርነት አላውቅም። ሁለት ነገሥታት በወንዝ ማዶና ማዶ ቆመው እንቆቅልሽ እየተጠያየቁ አገር ሲረካከቡ አስቡት። መንግሥታቱ በሙሉ ተጠርተው ያልቃሉ፣ ማብራሪያ የለም፣ ደም የለም፣ ግን አንዱ መጨረሻ ላይ የተወለደበትን መንደር ይሰጣል።

ብዕረኛው ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እንቆቅልሹን ሳልቀማ አልቀርም። ስሞቹ ላይ ሁለታችሁም ወገኖች ልክ ናችሁ ብዬ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ከነገሥታቱ የስም አወጣጥ ተነሣሁ፣ ዐምደ ጽዮን እንደሚባለው ማለት ነው። ቤቱን ወደ ሰንጎ መገን ቀይሬዋለሁ። ጨረቃዎቹን ለጊዜው አስቀምጫቸዋለሁ፣ ከባለ ክራር ሙሾ ደግሞ ጥላውን ወስጃለሁ፦

ዐምደ ነበልባል ዘውዱን ቢነጠቅ፣
ሰው ሳይሰማበት፣ ጎሕ ሳይፈነጥቅ፣
ዘንዶውን ጭኖ ሄደ ሊጠይቅ፣
ጥላውን ሽጦ፣ ውሃው እስኪደርቅ።

ከዚያ ማየ ጽልመት የሚባል ሐይቅ ዳር ይደርሳል፦

ውሃው ግን አለው፦ «ዘውድህ ያውልህ፤
ጥላ ከሌለህ ማን ይሰግድልህ?»

የዜማ ቤት ልጅ

ሁለቱ የመጨረሻ ስንኞች ብቻቸውን ቢቆሙ ይቆማሉ። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር የግዕዝ ቅኔም ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ብቻ ነው፣ በሁለት ቤት ሰምና ወርቁን ይጨርሳል። ንጉሥ ሲወጣ በላዩ የሚዘረጋውን ጥላ አስበህ ከሆነ እሰየው፤ ሳታስብ መጥቶ ከሆነም ዝም ብለህ ተቀበል፣ ለማንም አትናገር።

ጸሐፊ በሌሊት

ዜልዳሮንን ቀበራችሁት። ነፍሱን ይማር። ዐምደ ነበልባል ግን ጥሩ ስም ነው፣ እቀበላለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ጥላውን ማን ገዛው?

እናት በቨርጂኒያ

ልጄም የጠየቀችው ይህንኑ ነው። አትንገሯት ብላችኋል መሰለኝ።

ስንኝ ቆጣሪ

ቀለሙን ቆጠርኩ፤ ስድስቱም ስንኝ አምስት አምስት ነው፣ ጥሩ። ቤቱም ይመታል። አንድ ቅሬታ አለኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ዘንዶውን ጭኖ ሄደ ሊጠይቅ» ብለሃል። ዘንዶ የጫነ ሰው «ሄደ» ይባላል? «በረ ሊጠይቅ» በለው። ቀለሙ ያው ሁለት ነው፣ ሥዕሉ ግን ከመሬት ይነሣል።

ብዕረኛው ከደሴ

«በረ» መጀመሪያ የጻፍኩት ነበር። የሰረዝኩት ለእሱ ዘንዶ በቅሎው ስለሆነ ነው። በቅሎ የጫነ ሰው «ሄደ» ይባላል። «በረ» ካልኩ የተደነቅሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ስንኝ ቆጣሪ

አልተረታሁም፣ ግን ግጥሙ ያንተ ነው። ሐይቁ ለተናገረው ንጉሡ ምን ብሎ እንደመለሰ ስትጽፍ ለጥፈው። እዚያም «አለ» ብቻ ብለህ እንዳታልፈው፤ ሰውየው ዘውዱ ፊቱ ተቀምጦ አላነሣውም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ አንጓ ይገባዋል።